የኔታ አስረስ ያልመለሱት ጥያቄ

ዘጠኙ ተማሪዎች የጉናን ቁልቁለት ሲወርዱ ጉሙ ገና አልተነሣም ነበር። ከፊት የሚሄዱት ባሕታዊ የወገባቸው ሰንሰለት ሲንቀጫቀጭ ይሰማል እንጂ መልካቸው አይታይም፤ ልጆቹ የሚከተሉት ድምፁን ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጅብራው ቆሟል። ጉሙ ሳሳ ሲል ሰው ይመስላል፣ ሲጠጉት ተመልሶ ተክል ይሆናል።

«ጌጡ፣ ከኋላችን ሰው ይጣራል» አለ ሙላቴ፣ የጓደኛውን የደበሎ ጫፍ ይዞ።

«ማንን ነው የሚጠራው?»

«አድማሱ ይላል።»

ጌጡ ቆም ብሎ አዳመጠ። ነፋስ ብቻ ነው የሰማው። አድማሱ የሚባል ሰው በመካከላቸው አልነበረም፤ የነበረው ከሞተ ስድስት ወር አልፎታል።

«ዝም ብለህ ሂድ» አለው፤ እርሱ ራሱ ግን እርምጃውን አፈጠነ።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ፣ ወሩ ኅዳር ነው። ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ ዓመት ከመንፈቅ አልፏል። ባለፈው ክረምት ግን የጉና ገበሬ ጠመንጃውን ከተቀበረበት እያወጣ ጫካ መግባት ጀምሮ ነበር፤ ከዘጠኙ ተማሪዎች የሰባቱ አባቶች በየገደሉና በየዋሻው ናቸው።

ጌጡ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። በአስታ ማርያም ጉባኤ ቤት ከእርሱ ቀድሞ ቅኔ የሚቆጥር፣ ከእርሱ አሳምሮ የሚጽፍ አልነበረም፤ ይህንንም ከማንም በፊት እርሱ ራሱ ያውቀዋል። ሙላቴ በሁለት ዓመት ያንሰዋል። ጌጡ የሳቀበትን ይስቃል፣ ጌጡ የናቀውን ይንቃል። የዛሬውንም መንገድ ሲጀምሩ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀም፤ «ጌጡ ካለ» ብሎ አኩፋዳውን አንሥቶ ተነሣ።

ባሕታዊው ወደ አስታ ማርያም የመጡት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። አባ ገብረየሱስ ነኝ አሉ። ቢጫ ቆዳ ለብሰዋል፣ ወገባቸውን በሰንሰለት ታጥቀዋል፣ ጫፉ ላይ የብረት መስቀል ያለው ረጅም ዘንግ ይዘዋል። እህል አይቀምሱም ተባለ። ልጆቹን ከጉባኤ ቤቱ ጀርባ ሰብስበው፣ ከርብ ወንዝ ማዶ አንድ የአርበኞች አለቃ ፊደል የቆጠሩ ወጣቶችን እንደሚፈልግ ነገሯቸው። «ጠመንጃ የሚይዝ ሞልቷል፤ ደብዳቤ የሚጽፍና የሚያነብ ግን የለም» አሉ። ጌጡን ለብቻው ጠርተው ደግሞ እጃቸውን በራሱ ላይ ጫኑና «አንተን እግዚአብሔር ለትልቅ ነገር መርጦሃል። መምህርህ ማን እንደሆንህ አላወቁም» አሉት። ጌጡ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ይህን ቃል ከሰው አፍ ሲጠብቅ የኖረ መስሎ ተሰማው።

በማግስቱ ነጭ፣ ለስላሳ ወረቀት ሰጡት። በጉባኤ ቤቱ እንዲህ ያለ ወረቀት ታይቶ አያውቅም። የእያንዳንዱን ተማሪ ስም፣ ያባቱን ስም፣ አባቱ የሸፈተበትን ገደል እንዲጽፍላቸው ጠየቁት። «በየስማቸው እጸልያለሁ» አሉ። ጌጡ በመቃ ብዕሩ አሳምሮ ጻፈላቸው። ባሕታዊው ጽሕፈቱን አይተው ሲያደንቁለት ጆሮው ድረስ ሞቀው።

የኔታ አስረስ ይህን ሁሉ ቢያውቁ ምን ይሉ እንደነበር ጌጡ አልጠየቀም። የኔታን ማዳመጥ ካቆመ ሰንብቷል። ለዚህም ምክንያት ነበረው። የኔታ ዘወትር ማለዳ፣ ተማሪው ተሰብስቦ ተራውን ሲጠብቅ፣ ከመጀመራቸው በፊት ቀና ብለው አምስት ስም ይጠራሉ። አምስቱም የሞቱ ናቸው። ስሙን ይጠሩና መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ይቆያሉ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ትንንሾቹ ልጆች በዚያ ጸጥታ ጊዜ ወደ በሩ ማየት ይፈራሉ። ትልልቆቹ ደግሞ «የኔታን ሙታን ይዘዋቸዋል» እያሉ ያንሾካሹካሉ። ባሕታዊውም ያንኑ ነገር ሰምተው «ሙታን የያዙት ሰው ሕያዋንን አያስተምርም» ብለው ነበር።

በመንገዱ ዋዜማ ግን አንድ ሰው ሊያስቆመው ሞክሯል። ጸዳለ ናት፣ የአድማሱ እኅት፤ ገብስ በአህያ ጭና ደብረ ታቦር ገበያ የምትወጣ፣ ከጌጡ እኩያ የሆነች ልጅ። ከምንጩ ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«ጌጡ፣ እኒያን ባሕታዊ ቅዳሜ ደብረ ታቦር አይቻቸዋለሁ። ከምሽጉ በር ሲወጡ።»

«ታዲያስ?»

«ዘበኛው አልፈተሻቸውም።»

«እግዚአብሔር የዘበኛውን ዓይን ጋርዶት ነዋ!»

«እስኪ ልጨርስልህ…»

«አንቺ ስለ መንፈስ ነገር ምን ታውቂያለሽ? ገብስሽን ሽጪ» ብሏት አለፈ። ስትጠራው አልዞረም።

አሁን በጉሙ ውስጥ ሲሄድ ያልጨረሰችው ነገር ምን እንደነበረ አንድ ጊዜ ወደ አሳቡ መጣበት። አባረረው።

ርብ ወንዝ ሲደርሱ ቀኑ ረፈድ ብሏል፤ ጉሙ ግን በሸለቆው ውስጥ እንደተኛ ነው። ወንዙ ቀንሶ በድንጋይ በድንጋይ የሚሻገሩት ሆኗል። በማዶ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ዛፎች ጥላ ብቻ ይታያል። ባሕታዊው «አለቃው ከዚያ ግቢ ውስጥ ይጠብቃችኋል። ውኃ ጠጡና እንሻገር» አሉ።

ልጆቹ ለመጠጣት ጎንበስ እንዳሉ ከበስተኋላቸው የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። ድምፅም ተሰማ፤ ሙላቴ ቀደም ሲል የሰማው ያው ድምፅ። የአምስት ሰው ስም ተራ በተራ ይጠራል። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ጸዳለ ወጣች፣ የበቅሎዋን ልጓም ይዛ። ከዚያ የኔታ አስረስ ከነካባቸው ታዩ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከወንበራቸው ተነሥተው መንገድ ከሄዱ ስንት ጊዜ የሆናቸው ሰው ናቸው። ቁልቁለቱ አድክሟቸዋል።

ልጆቹ በልማድ ተነሥተው ቆሙ። ጌጡም ሳይወድ ቆመ።

«ተቀመጡ» አሉ የኔታ። «የመጣሁት ልቆጣችሁ አይደለም። ቀድሞ ልነግራችሁ የሚገባኝን ሳልነግራችሁ ስለወጣችሁ ነው።»

«የኔታ፣ እግዚአብሔር የጠራቸውን ልጆች አያስቀሩ» አሉ ባሕታዊው።

«አላስቀርም፣ አባቴ። አንድ ነገር ተናግሬ እመለሳለሁ።»

ከበቅሎዋ ወረዱ። ጸዳለ ደገፈቻቸው። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ወደ ልጆቹ ሳይሆን ወደ ውኃው እያዩ ተናገሩ።

«አምና ግንቦት ከደብረ ታቦር መልእክት መጣልኝ። ተማሪ የሆነ ሁሉ ምሽጉ ድረስ ሄዶ የይለፍ ወረቀት ይቀበል፣ ከዚያ ወዲያ የሚነካው የለም የሚል። ይዞት የመጣው የማከብረው ሰው ስለሆነ አመንሁት። ከትልልቆቹ ተማሪዎቼ አምስቱን ጠርቼ ሂዱ አልኋቸው። አድማሱ፣ የዚህች ልጅ ወንድም፣ ‹የኔታ፣ ገበሬውን ሁሉ ትተው ለምን ተማሪ ብቻ ጠሩ?› ብሎ ጠየቀኝ።»

ጠጠር አንሥተው ውኃው ውስጥ ጣሉ።

«መልስ አልነበረኝም። መልስ ስላልነበረኝ ተቆጣሁት። ‹ከመምህርህ ልትበልጥ ነው?› ብዬ በጓደኞቹ ፊት አሳፈርሁት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። መታዘዝ ማለት አፍ መዝጋት ነው ብዬ አስተምሬው ነበርና ታዘዘኝ። በማግስቱ ከምሽጉ ጀርባ አምስቱንም ረሸኗቸው።»

ጸዳለ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ጠዋት ጠዋት የምጠራቸው ስለሚታዩኝ አይደለም። የምትሉትን እሰማለሁ። ስማቸውን ከረሳሁ ያን ቁጣዬን እረሳዋለሁ፣ ከረሳሁት ደግሞ አንድ ቀን ከእናንተ በአንዱ ላይ እደግመዋለሁ ብዬ ስለምፈራ ነው። ይህን ገና ድሮ ልነግራችሁ ይገባ ነበር። አፍሬ ዝም አልሁ። ዝም በማለቴም እናንተ ሌላ መምህር ፈለጋችሁ።»

ከዚያ ወደ ጸዳለ ዞሩ።

«እስኪ ያየሽውን እንደገና ንገሪኝ፣ ልጄ። ማለዳ ስትነግሪኝ ልቤ ተረብሾ በሚገባ አልሰማሁሽም።»

ጌጡ ዓይኑን ማመን አቃተው። አርባ ዓመት ያስተማሩ፣ ሊቃውንት ከሩቅ አገር መጥተው እግራቸው ሥር የሚቀመጡላቸው ሰው፣ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ገብስ ሻጭ ልጅ ጎንበስ አሉ።

ጸዳለ ባሕታዊውን አየት አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ቅዳሜ ከምሽጉ በር አጠገብ ቆሜ ነበር። ቄስ እንኳ ሲገባም ሲወጣም ካባው ሳይቀር ይፈተሻል። እኚህ አባት ሲወጡ ግን ዘበኛው በሩን ከፈተላቸው። ሰንሰለቱ ወገባቸው ላይ አልነበረም፤ እንደ ገመድ ጠቅልለው በእጃቸው ይዘውታል። ገበያውን አልፈው፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ ቆመው ታጠቁት።»

ጌጡ በዋዜማው ያላስጨረሳት ይህን ነበር።

«ውሸት ነው!» አሉ ባሕታዊው። «ሰይጣን በሴት አፍ ይናገራል። ተነሡ ልጆቼ፣ እንሻገር!»

የኔታ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሐሰተኛ ናቸው አልልም፤ እኔ ልብ አላይም። ጌጡ፣ እነዚህ ልጆች የሚያዩት አንተን ነው። አንደበትም አእምሮም ሰጥቶሃል። መርምር። እውነተኛ ከሆኑ ጥያቄ አይጎዳቸውም።»

ጌጡ በሕይወቱ ብዙ ጸልዮ ያውቃል፤ ብዙውም ከመጽሐፍ የተማረውን ነው። በዚያች ሰዓት ግን ከልቡ የወጣው አጭር ነበር፤ «ጌታዬ ሆይ፣ ማየት የማልፈልገውን አሳየኝ።» ማየት የማይፈልገው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ያ ሁሉ ምስጋና ለእጁ ጽሕፈት የተከፈለ ዋጋ እንዳይሆን ፈራ።

ወደ ባሕታዊው ቀርቦ ተንበረከከ።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከዝርዝሩ አንድ ስም ደብቄያለሁ። የእናቴ ወንድም ነው። እናቴ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነው እንጂ፣ ከአባቶቻችን ሁሉ እርሱ ይበልጣል፤ የአርባ ጠመንጃ አለቃ ነው። ለእርሱም ይጸልዩለት።»

የተናገረው እውነት ነበር። አንገቱን ደፍቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ጠበቀ። ለሰው የሚጸልይ አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ነገር እንደሆነ ከሕፃንነቱ ያውቃል፤ የክርስትና ስሙን። በጸሎት የሚጠራው ያ ስም ነው። አሁን ሲያስበው፣ በዚያ ወረቀት ላይ የአንድም ሰው የክርስትና ስም አልጻፈም። ባሕታዊው አልጠየቁትም፤ እርሱም በምስጋናው ታውሮ አላስተዋለም።

«አርባ?» አሉ ባሕታዊው። ድምፃቸው ተለወጠ። «የት ነው ያለው? በየትኛው ዋሻ?»

ጌጡ አንገቱን እንደደፋ ነው።

«መትረየስስ አለው?» አሉ ደግሞ።

ጌጡ ቀና ብሎ አያቸው። «ከሌሎቹ ጋር ልጻፈው፣ አባ። ወረቀቱን ይስጡኝ።»

ባሕታዊው እጃቸውን ወደ ብብታቸው ሰደው ወረቀቱን አወጡ። ጌጡ ተቀበለ። ዘጠኝ ስም፣ ዘጠኝ የአባት ስም፣ ሰባት ገደል፣ ሁሉም በእርሱ ውብ እጅ የተጻፈ። አጣጥፎ ወደ አፉ ከተተውና ማኘክ ጀመረ። ቀለሙ መራራ ነበር።

የብረት መስቀሉ ግራ ጆሮው ላይ አረፈ። ወደቀ፤ ጥርሱን ግን አልከፈተም። ከዚያች ቅጽበት ወዲህ ጌጡ ያን ሰው አንቱ ብሎ አያውቅም።

ሰውየው ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ። ከማዶው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ውሻ ጮኸ፣ ቀጥሎም ሰዎች ሲሯሯጡ ተሰማ። ጥይት ተተኮሰ።

«ወደ ጉሙ! ወደ ጉሙ ግቡ!» ብለው ጮኹ የኔታ።

ልጆቹ ተበተኑ። ጌጡ ደም እያነቀው ተነሥቶ የሙላቴን ክንድ ያዘ። «ና! ባንዳ ነው! ና እንሩጥ!»

ሙላቴ አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ነጥቷል። «ትናንት ቅዱስ ነው አልኸኝ» አለ። «በመስቀል ምለህ ነገርኸኝ። አሁን ደግሞ ባንዳ ነው ትላለህ። የትኛውን ጌጡ ልመን?»

«ሙላቴ፣ ጊዜ የለም!»

«አንተ ነህ እመን ያልኸኝ!» ብሎ ክንዱን መነጨቀ። ወደኋላ እየሸሸ ከሰውየው አጠገብ ቆመ። ሰውየውም እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ እንደ አባት።

ጌጡ ወደ እርሱ ሊመለስ ሲል ጸዳለ ደበሎውን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተችው። እየጎተተችው ወደ አስታው ቁጥቋጦ ገቡ። ከጉሙ ውስጥ ዞሮ ያየው የመጨረሻው ነገር የኔታ ነበሩ። በቅሎዋን በመሻገሪያው ድንጋዮች መካከል በአግድም አቁመው መንገዱን ዘግተዋል። ከማዶ የሚመጡት ባንዶች ይሰድቧቸዋል። እርሳቸው ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ተራ እንደሚያስይዝ መምህር፣ ስም ይጠራሉ። አምስቱን ጨርሰው ስድስተኛ ሲጠሩ ጌጡ በቀኝ ጆሮው ሰማ። ሙላቴ ነበር ያሉት።

ከዘጠኙ ስምንቱ ተመለሱ። በዚያ ወር የማንም አባት በዋሻው አልተያዘም፤ ቤቱም አልተቃጠለም። ጸዳለ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገብስ ጭና ወጥታ በገበያው ጠየቀች። አንድ ሽማግሌ መምህርና አንድ ልጅ እጃቸው ታስሮ በካሚዮን ሲጫኑ ያዩ ሰዎች ነበሩ። ካሚዮኑ የጎንደርን መንገድ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ የሚያውቅ የለም።

የጌጡ ግራ ጆሮ ዳግመኛ አልሰማም። ውስጡ ግን ጸጥ አላለም። ማለዳ ማለዳ ጉሙ ወደ ጉባኤ ቤቱ ደጅ ሲጠጋ፣ ሰው በሌለበት፣ በደነቆረው ጆሮው በኩል ስም ሲጠራ ይሰማዋል። ትንንሾቹ ልጆች እንደዚያ ሲያዳምጥ ሲያዩት ይደነግጣሉ፤ እርሱም አይፈርድባቸውም።

ጸዳለን ፈልጎ ወደ ምንጩ ወረደ። እንስራዋን እስክትሞላ ጠብቆ «የሙላቴ እናት ገና አልሰማችም። ምን ብዬ ልንገራት?» አላት።

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

«አዎ። ይህን የምጠይቀው ሌላ ሰው የለም።»

ጸዳለ እንስራዋን መሬት አስቀመጠች። «የኔታ የአድማሱን ነገር ለእናቴ አልነገሯትም፤ ምሽጉ ጋ መሞቱን ከሌላ ሰው ሰማች። ማን እንደላከው፣ ምን ብሎ እንደጠየቀ ሳታውቅ ስድስት ወር ሙሉ ልጄ ለምን ሄደ ስትል ከረመች። የኔታ የነገሯት እናንተን ሊፈልጉ በወጡበት ማለዳ ነው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ በቅሎዋ ተጭና። እናቴ እግራቸውን ይዛ አለቀሰች። አንተ እንደዚያ አታዘግይ።»

«ብትረግመኝስ?»

«ትርገምህ» አለች ጸዳለ።

በዚያው ቀን ሄደ። የሙላቴ እናት ወርቅነሽ ከጉና ወገብ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ ባሏ ከሸፈቱት አንዱ ነው። በደጇ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የበግ ፀጉር ስታባዝት አገኛት። ጆሮው የታሰረበትን ጨርቅ አይታ እጅዋ ቆመ። ጌጡ ቆሞ ሁሉንም ሊነግራት ጀመረ፤ ከባሕታዊው ስብከት፣ ከጉሙ፣ ከወንዙ።

«ቆይ» አለችው። «ልጄ ብቻውን አይወጣም። ማን ሂድ አለው? ያ ሰው ነው?»

አዎ ማለት ይችል ነበር። ሰውየው የለም፤ ሙላቴም የለም፤ የሚያጣራ የለም።

«ያ ሰው ያሳመነው እኔን ነው፣ እናቴ። ሙላቴ ያመነው እኔን ነው። ሂድ ያልሁት እኔ ነኝ።»

ወርቅነሽ የበግ ፀጉሩን በሁለት እጅዋ ጨብጣ ይዛለች። ጌጡ እርግማኑን ጠበቀ። ቢመጣ ይሻለው ነበር።

«ዛሬ ከዚህ በላይ መስማት አልችልም» አለች በመጨረሻ። «ነገ ና።»

በማግስቱ ማለዳ ተመልሶ ወጣ። በመንገዱ ሁሉ እግሩ ወደ ኋላ ሲለው ነበር። ሲደርስ ወርቅነሽ በደጇ ነበረች፤ በጎኗ ሌላ ድንጋይ አንከባላ አምጥታ አስቀምጣለች።

«ተቀመጥ» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምር። ምንም አታስቀርብኝ።»